መሬት ዛሬም ይሸጣል፤ ክርክሩ ሻጩ ማን ይሁን የሚለው ነው

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 እንዳለ መቀጠል አለበት፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይኑር፣ ይህ ይለወጥ የሚል ሰው አውቆም ሆነ ሳያውቅ አርሶ አደሩን ለማፈናቀል የቆመ ነው ይላል። ጽሑፉን የጻፉት ታሪክ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ካጋሩት ሰዎች ብዙዎቹ ለገበሬው ከልባቸው የሚቆረቆሩ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። ለገበሬው ታስቦ የቀረበው ክርክር ገበሬውን እጅና እግሩን አስሮ ለሌላ አሳልፎ የሚሰጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። መሬት መሸጥ ቢፈቀድ ገበሬው በድርቅ ወይም በሕመም ዘመን በርካሽ ሸጦ ወደ ከተማ ይሰደዳል ይላሉ፤ ዋናው ነጥባቸው ይህ ነው። ቀጥለውም የግል ባለቤትነት የባላባቱንና የጭሰኛውን ዘመን ይመልሳል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ገበሬው ባለቤት የሚለው ስም ይቀርበታል እንጂ ሌላ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ መሬት በነጻ ያገኛል፣ አይነቀልም፣ የይዞታ ደብተር አለው፣ ለልማት ሲነሣም ካሣ ይከፈለዋል ይላሉ። አራተኛ፣ መሬት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ሕዝቦችንና አርብቶ አደሮችን ከባለገንዘብ ይጠብቃል ይላሉ። በመጨረሻም መንገዱ፣ ግድቡና ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው መሬት በመንግሥት እጅ ስላለ ነው፤ ቻይናና ሲንጋፖርም በዚሁ መንገድ አድገዋል ይላሉ።

አምስቱንም በተራ እመልሳለሁ። መነሻዬ ግን ከወዲሁ ይታወቅ። በኢትዮጵያ መሬት ዛሬም ይሸጣል። በሊዝ ጨረታ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ፣ በካሬ ሜትር ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል። ሊዝ የጊዜ ገደብ ስላለው ሽያጭ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ለመኖሪያ ቤት ለ99 ዓመት የተሰጠ፣ በባንክ በዋስትና የሚያዝ፣ ለልጅ የሚወረስና ለሌላ ሰው የሚተላለፍ መብት ከባለቤትነት ምን ያህል ይርቃል? አንቀጽ 40(3) ሽያጭን አላስቀረም፤ ሻጩን አንድ ብቻ አደረገው። ያ ብቸኛ ሻጭ ደግሞ መሬቱን ሲያርስ የኖረው ሰው አይደለም።

የክፉ ቀን ሽያጭ

በዚህ ነጥብ ላይ የጸሐፊው ስጋት እውነተኛ ነው። ዝናብ ሲቀር ገበሬው መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን ይሸጣል። በዚያ ሰዓት መሬቱንም በተጠየቀው ዋጋ ሊለቅ ይችላል። ይህን የሚክድ ሰው ገጠርን አያውቅም። ልዩነታችን የሚጀምረው ክልከላው ይህን አስቀርቷል ወይ በሚለው ላይ ነው።

አላስቀረውም። ወለድ አገድ የሚባለውን አሠራር በገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ልጁ የታመመበት ወይም የማዳበሪያ ዕዳ የጠናበት ገበሬ ገንዘብ ካለው ጎረቤቱ ይበደራል፤ አበዳሪው በምትኩ መሬቱን ይይዛል። ብሩ እስኪመለስ ድረስ የሚያርሰውም የሚያጭደውም አበዳሪው ነው። ምርቱ በወለድ ፋንታ ይታሰባል፤ ዋናው ዕዳ ግን አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። ተበዳሪው የሚያርሰው መሬት የለውም፤ ታዲያ ዕዳውን ከምን አምጥቶ ይክፈል? አንዱ ክረምት ሌላውን እየተካ ይሄዳል። ውሉ ከደብተር በተገነጠለ አንድ ሉክ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል። አንዳንዴ ስጦታ፣ አንዳንዴ ኪራይ ተብሎ ይጻፋል። የወረቀቱ ስም ምንም ይሁን ምን፣ መሬቱ ከእጅ ወጥቷል።

ይህ በግልጽ ከሚደረግ ሽያጭ የከፋ ነው። ሕግ የማይቀበለውን መሬት የሚይዝ ሰው ነገ ሊነጠቅ እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ የሚከፍለው ለዚያ ስጋት የሚሆነውን ቀንሶ ነው። ቅናሹ የሚወጣው ከችግረኛው ኪስ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ውሉ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ይፈርሳል፤ ገበሬው መሬቱን እንዲረከብ፣ የተቀበለውን ገንዘብ ደግሞ እንዲመልስ ይታዘዛል። ገንዘቡ ግን ቀድሞውኑ ለሕክምና ወይም ለተዝካር ወጥቶ አልቋል። ባሏ የሞተባት ሴት ከሁሉም የባሰ ችግር ውስጥ ናት፤ ውሉ ሲፈጸም አልነበረችም፣ ወረቀቱም በእጇ የለም።

የክፉ ቀን ሽያጭን ለመከላከል ከጅምላ ክልከላ ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። የሁለቱም ባልና ሚስት ፊርማ ሳይኖር ሽያጭ እንዳይጸና ማድረግ፣ በውሉና በርክክቡ መካከል የማሰላሰያ ጊዜ መደንገግ፣ ገበሬው ሁሉንም መሬቱን በአንድ ጊዜ እንዳይሸጥ መወሰን፣ አንድ ገዢ ሊይዘው የሚችለውን መጠን መገደብ ይቻላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ እንኳን ዘመድ የተሸጠን ርስት ዋጋውን ከፍሎ እንዲያስመልስ የሚፈቅድ ሥርዓት ነበረ። የድርቅ ጉዳትን ራሱን ለማለዘብ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር አለ። ረሃብን የሚያስታግሰው እንዲህ ያለው እርዳታና ብድር ነው።

ስለ ብድር ካነሣሁ፣ ጸሐፊው ያላዩት ወይም ያለፉት አንድ ሐቅ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ የገጠር መሬት በሊዝ የወሰደ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን በዋስትና ማስያዝ እንደሚችል ደንግጓል። ለገበሬው ግን ይህን መብት አልሰጠውም። በፌዴራል ደረጃ ገበሬው በይዞታው ላይ ያለውን የመጠቀም መብት አስይዞ እንዲበደር የተፈቀደለት በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው። በመካከሉ 19 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ባለሀብቱ ወደ ባንክ ሲሄድ ገበሬው ወደ ወለድ አገድ አበዳሪ ይሄድ ነበር። አንቀጽ 40(3) ገበሬውን ከክፉ ቀን ጠብቆታል ለሚል ሰው ይህ ልዩነት ከየት መጣ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው።

የባላባቱ ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በኢትዮጵያ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ የፍትሕ እርምጃዎች አንዱ ነው። ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬት ሲገብር የኖረ ጭሰኛ በአንድ ቀን ነጻ ወጥቷል። ያ ዘመን እንዲመለስ አልፈልግም። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ያስቀመጠው የ10 ሄክታር ጣሪያ ዓይነት ገደብም በግል ባለቤትነት ሥርዓት ውስጥ ቢኖር አልቃወምም፤ እንዲያውም እደግፋለሁ። ባለቤትነትና የመጠን ገደብ አብረው መኖር ይችላሉ።

ጸሐፊው የተናገሩት ታሪክ ግን ግማሹ ነው። በደቡብ ባላባትና ጭሰኛ የተፈጠሩት ገበሬው መሬቱን ገበያ ወጥቶ ስለሸጠ ነው ወይ? አይደለም። ከምኒልክ ዘመን መስፋፋት በኋላ መሬቱን ከነገባሩ ለሹማምንቱ፣ ለወታደሩና ለቤተ ክህነት ያከፋፈለው መንግሥት ነው። መሬቱ የእኔ ነው፣ ለፈለግሁት እሰጣለሁ የሚል መንግሥት ባይኖር ያ ሥርዓት በዚያ ስፋት አይቆምም ነበር። ስለዚህ የጭሰኛው ታሪክ የሚያስተምረን አራሹ በመሬቱ ላይ የሚያዝበት መብት ሲያጣ ምን እንደሚመጣ ነው።

ጸሐፊው በሰሜኑ ርስት እንደ ሸቀጥ አይሸጥም ነበር ማለታቸው ትክክል ነው። ርስት የዘር ነበረ፤ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ለባዕድ የሚሸጠው አልነበረም። ነገር ግን «ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤቱ» ያለ ሕዝብ ይህን ያለው ርስት ስለማይሸጥ ብቻ አይደለም፤ ገዥ ቢመጣ ቢሄድ ባለርስቱን መንቀል ስለሚያስቸግረው ነው። ጉልቱ፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብቱ፣ ከሹም ወደ ሹም ሲዛወር ባለርስቱ እርሻው ላይ ነበረ። አንቀጽ 40(3) ከርስት የወሰደው አለመሸጡን ነው፤ አለመነቀሉን ትቶታል።

ከ1967 በኋላ የሆነውንም እናስታውስ። ባላባት ከሄደ በኋላ የመሬቱ ጌታ መንግሥት ሆነ። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. በሰፈራ በመቶ ሺዎች፣ በመንደር ምሥረታ ደግሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከእርሻቸውና ከቤታቸው ተነሡ። መሬቱ የእነሱ ስላልነበረ እሺ ወይም እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም። ይህ የደርግ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ከመጣ በኋላ ተለውጧል ይባል ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የሠሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው፣ ከአንድ ሄክታር በላይ ያላቸው ተቀነሰባቸው። አርሶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመነቀል መብታቸው የተከበረ ነው የሚለው አንቀጽ 40(4) ያን ጊዜ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሕጉ ያው፣ አንቀጹም ያው ሆኖ ሳለ ገበሬው በአስተዳደር ውሳኔ መሬቱን አጣ።

ስም ብቻ ነው የቀረበት የተባለው

የጽሑፉ ደካማው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ አንባቢ ያሳመነውም ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በጥብቅና ሥራዬ የካሣ ግምት ሰነዶች እጄ ላይ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። ከላይ የባለይዞታው ስም፣ ቀበሌው፣ የይዞታው ስፋት። ከታች ሠንጠረዥ፦ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት፤ የእንጨት አጥር በሜትር፤ ባህር ዛፍ፣ ትልቅ፣ መካከለኛና ችግኝ ተብሎ ተለይቶ፤ ጌሾ በቁጥር፤ የጉድጓድ ውኃ፤ ጤፍና ሽንብራ በኩንታል። በእያንዳንዱ ፊት ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ድምር። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ብትመረምሩት መሬት የሚል ረድፍ አታገኙም። ስፋቱ የተጻፈው ሰብሉን ለማስላት ብቻ ነው። ለጌሾው ዋጋ የወጣለት ሰው ጌሾው ለበቀለበት አፈር ዋጋ አልወጣለትም።

ይህ የገማቹ ስህተት አይደለም፤ ገማቹ ሕጉን ነው የተከተለው። አንቀጽ 40(8) ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፈል የሚለው ለግል ንብረት ነው። አንቀጽ 40(7) የግል ንብረት የሚለው ሰውየው በመሬቱ ላይ የገነባውን ቤትና ያደረገውን ቋሚ መሻሻል ነው። መሬቱ ራሱ በአንቀጽ 40(3) የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሣ የሚከፈልበት ንብረት አይደለም። እንግዲህ ጸሐፊው ተራ ስም ያሉት ባለቤትነት ገበሬው የሚቀበለውን ገንዘብ የሚወስነው ራሱ ነው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ገበሬ በከተማ ጠርዝ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር አለው እንበል። ከዚያ በዓመት 100,000 ብር ያገኛል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በዘላቂነት ሲነሣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ 1,500,000 ብር ይሆናል። ቦታው 5,000 ካሬ ሜትር ነው። ግማሹን ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ እንተወው። ቀሪው 2,500 ካሬ ሜትር በጨረታ በካሬ ሜትር 4,000 ብር ቢወጣ 10,000,000 ብር ነው፤ በአዲስ አበባ ጨረታዎች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ሲቀርብ አይተናል። ልዩነቱን ማን ወሰደው? ገበሬው መሬቱን በእህል ዋጋ ለቀቀ፤ መንግሥት በከተማ ዋጋ አስተላለፈው። መንገድና ውኃ የዘረጋው መንግሥት ከዚያ ጭማሪ ድርሻ አለው፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ገበሬው ከከተማው ዋጋ ምንም ድርሻ አይኑረው የሚለውን ማን ፈረደ?

ሕጉ ተሻሽሏል የሚለውን የጸሐፊውን ነጥብም እቀበላለሁ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ብዜቱን 10 ብቻ አድርጎት ነበር፤ ያውም ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ ተወስዶ። በካሣው መጠን ላይ ይግባኝ ለማለት የሚፈልግ ሰው ደግሞ መሬቱን አስቀድሞ ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ማያያዝ ነበረበት። ቅሬታው እስኪሰማ እርሻው ታርሶ መሠረት ይቆፈርበታል። የ2011ዱ አዋጅ የተሻለ ካሣ፣ ሰፋ ያለ የቅሬታ መስመርና፣ አቅም ላለው ባለይዞታ ቦታውን ራሱ በቅድሚያ የማልማት ዕድል አምጥቷል። ነገር ግን አዲሱም አዋጅ የሕዝብ ጥቅም የሚለውን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለልማት የሚበጅ ሁሉ ብሎ ነው የሚተረጉመው። በተዘዋዋሪ ለልማት አይጠቅምም ሊባል የሚችል ነገር ምንድን ነው? ለአንድ ባለሀብት መጋዘን መሬት መስጠትም በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባል። ትርጉሙ እንዲህ ሰፊ ሲሆን ፍርድ ቤት ቢመረምረውም የሚይዘው ነገር አያገኝም።

የይዞታ ደብተሩንም አላቃልለውም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ከዚያም በሌሎች ክልሎች የተሰጠው ደብተር የድንበር ክርክርን አቅልሏል። የባልና የሚስት ስም በአንድነት መስፈሩ፣ በአንዳንድ ቦታም የሁለቱም ፎቶግራፍ መለጠፉ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ደብተሩ ገበሬውን ከጎረቤቱ ይጠብቀዋል፤ ደብተሩን ከሰጠው አካል ግን አይጠብቀውም።

በነጻ የማግኘት መብት ለተባለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። በደጋው ኢትዮጵያ የሚታደል መሬት ካለቀ ቆይቷል። የ25 ዓመት የገጠር ወጣት አንቀጽ 40(4)ን ይዞ ቀበሌ ቢሄድ የሚሰጠው መሬት የለም። ያለው ምርጫ የአባቱን አንድ ሄክታር ከወንድሞቹ ጋር መሸንሸን ወይም መሰደድ ነው። ጸሐፊው የፈሩት ስደት መሬት ሳይሸጥም መጥቷል። አንዳንድ የክልል ሕጎች ደግሞ ለዓመታት ከመሬቱ የራቀ ገበሬ ይዞታውን እንዲያጣ ስለሚያደርጉ፣ ከተማ ሄዶ ዕድሉን የሚሞክር ሰው መሬቱን ሸጦ መነሻ ገንዘብ መያዝ ቀርቶ መመለሻም አይኖረውም።

የጋራ ንብረትና አነስተኛ ሕዝቦች

በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በዓላማ አንለያይም። የአርብቶ አደር መሬት ለግለሰብ ተሸንሽኖ ቢሰጥ መንጋው የሚንቀሳቀስበት ይጠፋል፤ በጋራ መያዝ ያለበት መሬት አለ። ጥያቄው በጋራ የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

በ2003 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር በጋምቤላ ክልል በኢታንግና በጅካዎ 100,000 ሄክታር መሬት ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ በ50 ዓመት ውል ሰጠ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ለ100,000 ሄክታር በዓመት 2,000,000 ብር ማለት ነው። ውሉን የፈረሙት ሚኒስቴሩና ኩባንያው ናቸው፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ፈራሚ አልነበረም። መሬቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው የሚለው ሐረግ አኙዋኩንና ኑዌሩን ድርድሩ ላይ አላስቀመጣቸውም። ኩባንያው የወሰደውን አብዛኛውን ሳያለማ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ተቋረጠ።

የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ሀብት ብሎ መዘገበ። ከዚያ በኋላ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያወርዱበት የወንዝ ዳር የሸንኮራና የጥጥ እርሻ ሆነ። ንጉሣዊው መንግሥት አርብቶ አደሩን ያፈናቀለው የግል ገበያን ተጠቅሞ ሳይሆን፣ ጸሐፊው መድኃኒት ያሉትን የመንግሥት ባለቤትነት ተጠቅሞ ነው። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሣው ሕዝብም የፈራው ይህንኑ ነው፤ ዕቅዱ የተሰረዘው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሬትን በሦስት ከፍላዋለች፦ የመንግሥት፣ የማኅበረሰብና የግል። የማኅበረሰብ መሬት በማኅበረሰቡ ስም የሚመዘገብ ነው። የውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት ሊዝ በላይ መያዝ አይችልም። ኬንያ የመሬት ችግሯን ፈታለች አልልም፤ አልፈታችውም። ግን ወይ ሁሉም የመንግሥት ወይ ሁሉም የባለገንዘብ የሚለው ምርጫ ብቻ እንዳለ አድርጎ መጻፍ ትክክል አለመሆኑን ታሳያለች።

ግድቡ፣ መንገዱና ቻይና

መሬት በመንግሥት እጅ መሆኑ መንገድና ፋብሪካ በፍጥነትና በርካሽ ለመሥራት ረድቷል፤ ይህ እውነት ነው። ርካሽነቱ ግን ከአየር አልመጣም። ከላይ ባየነው ስሌት ገበሬው ከፍሎታል። የግል ባለቤትነት ባለበት ሁሉ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት ይወስዳል፤ ልዩነቱ ዋጋውን መክፈሉ ነው።

በምሳሌነት የቀረቡት አገሮችም ለጸሐፊው አይመሰክሩላቸውም። ሲንጋፖር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚወሰድ መሬት የገበያ ዋጋ ትከፍላለች። ቻይና በ1988 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የመሬት የመጠቀም መብት እንዲተላለፍ ፈቅዳለች። ቬትናም ከሁሉም የበለጠ ለእኛ ትቀርባለች፤ እዚያም መሬት የመላው ሕዝብ ነው፣ የሚያስተዳድረውም መንግሥት ነው። የቬትናም ገበሬ ግን ከ1993 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ የመጠቀም መብቱን ማስተላለፍ፣ መለወጥ፣ ማከራየት፣ ማውረስና በዋስትና ማስያዝ ይችላል። የኮሙኒስት ፓርቲ የሚመራት አገር ለገበሬዋ የሰጠችውን እኛ ለገበሬያችን ከልክለን ለእሱ ስንል ነው ማለት ይከብዳል።

አሁን ሊደረግ የሚችለው

አንቀጽ 40 በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆነ ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው፤ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። ስለዚህ ለውጡ ነገ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ለገበሬው ግን ነገ ሊደረግለት የሚገባ ነገር አለ።

የካሣ ግምት ሠንጠረዡ ላይ የቦታው ዋጋ የሚገባበት ረድፍ በተራ አዋጅ ሊጨመር ይችላል። የሕዝብ ጥቅም የሚለው በዝርዝር ተቆጥሮ ለግል ጥቅም የሚውል ቦታ ከዚያ እንዲወጣና ከገበሬው ጋር በድርድር እንዲያልቅ በተራ አዋጅ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉም በላይ የሊዝ ሕጉ መንገዱን አሳይቷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721፣ ግንባታ ሳይጀመር ለሚደረግ ዝውውር ገደብ ቢያበጅም፣ የሊዝ ባለይዞታ መብቱን ለሌላ እንዲያስተላልፍና በዋስትና እንዲያስይዝ ይፈቅድለታል። ይህ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል ሲባል አልሰማንም። መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው የሚለው ዓረፍተ ነገር መሬቱን እንጂ በመሬቱ የመጠቀምን መብት አይከለክልም ተብሎ ለከተማው ባለሊዝ ተነቧል።

ጸሐፊው በተራቸው ምላሽ ከጻፉ፣ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ቢያብራሩልኝ እወዳለሁ፦ ባለሊዙ መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ አንቀጽ 40(3) ካልተጣሰ፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ሕገ መንግሥት ሥር የሚኖረው ገበሬ ይህንኑ ሲያደርግ የሚጣሰው በምን ምክንያት ነው?